ሽማግሌ ወደ ራሴ ቤት ላክሁ

ባለፈው እሑድ ጠዋት ረግረጉ ውስጥ ላም ያዝኩ... የራሴን ላም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምትጽፈው ልጄ ናት፤ አንዲት ቃል እንዳታሳምርብኝ ነግሬያታለሁ።

እኛ ከአዳማ ወረድ ብሎ አዋሽ ዳር ነን። ድሮ ሁሉም እስከ ውሃው አፍ ያርስ ነበር፤ ሽንኩርት እንተክላለን ብለን ረግረጉን አደረቅነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ አፈሩን ይዞት ይሄዳል፣ በጋ ደግሞ ጉድጓዳችን ይደርቃል። ኋላ አንድ ማኅበር መጣና ተስማማን። እኛ የወንዙን ዳር ላናርስ፣ ከብት ላናስገባ፤ እነሱ አጥርና ችግኝ ሊሰጡ። ሳሩን ሲደርስ አጭደን እንካፈላለን። እኔም በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። አሁን ፊላውና ቄጤማው ሰው ይደብቃል፤ የጉድጓዳችንም ውሃ በጋን ይሻገራል።

ጥበቃው በተራ ነው። ከብቱ የገባበት ሰው የሳር ድርሻው ይቀራል። ከብቱ ተረኛው ደጅ ይታሰራል፣ ባለቤቱ ሽማግሌ ይልካል፤ ተረኛው ይቅር ካለ ድርሻው ይመለሳል። ባለፈው ወር በእኔ ተራ የጎረቤቴን የኦቦ ገመቹን በሬ ያዝኩ። ሽማግሌ ላከ... ይቅር አላልኩም።

እሑድም ተራዬ ነበር። ኮቴ አየሁና «ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ይሆን የሚያለቅሰው» እያልኩ ብገባ፣ የእኔዋ ቡሬ ገመዷን በጥሳ ቆማ ታመነዥካለች።

ቀና ስል ገመቹ ከአጥሩ ማዶ ቆሟል።

«ጋሽ ከበደ፣ አካም ቡልተኒ? እንዴት አደሩ? የማን ላም ናት?»

«ዓይን የለህም? የእኔ ናት።»

«እኔ ምንም አላየሁም። አውጥተው ይውሰዷት... በሚቀጥለው ተራዎ የእኔ በሬዎች ሲገቡ ደግሞ እርስዎ ምንም አያዩም።»

ነገሩ ገባኝ። ነገ የእሱ ከገቡ፣ ከነገ ወዲያ የሁሉም ይገባል። ከዚያ በኋላ አጥሩ እንጨት ብቻ ነው።

ቡሬን ጎትቼ ደጄ ላይ አሰርኳት። ከዚያ ሽማግሌ ላክሁ... ወደ ራሴ።

ባለቤቴ አስካለ ከጓዳ ወጣች። «ጤና የለህም? የገዛ ላምህን አስረህ ሽማግሌ ትጠብቃለህ?»

«ዝም በይ፣ ሰው እየመጣ ነው።»

ሽማግሎቹ መጡ። ገመቹም ሊያይ ተከትሏቸው መጣ። መጀመሪያ ከአጥር ውጪ አብሬያቸው ቆምኩ፤ አጥፊው እኔ ነኝና። ቀጥዬ ገብቼ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ተረኛውም እኔ ነኝ። አንደኛው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

«በሉ ይቅር ይበሉት፣ የዕድሜ ባለጸጋ ሰው ነው» አሉኝ።

«ለገመቹ ያላልኩትን ለዚህ ሰውዬ አልልም!»

ገመቹ ይኼን ጊዜ ነው የሳቀው። «እኔን ብቻ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር... ለራስዎም አይመለሱም እንዴ?» አለኝ። ሲወጣ ደግሞ ዞር ብሎ፣ «ነገ ተራው የእኔ ነው፤ ገመዷን ጠበቅ ያድርጉት።»

የሳር ድርሻዬ ቀረ። ለበጋ ገለባ ከሰው እለምናለሁ... አልለምንም፣ ፈልጌ አገኛለሁ። በማግስቱ ረግረጉ ውስጥ የአንድም ከብት ኮቴ አልነበረም።

አስካለ እስከ ማታ አኩርፋ ታረቀችኝ። ቡሬ ግን እስከ ዛሬ ሳልፍ ፊቷን ታዞራለች... እሷ ጋ ሽማግሌ አልልክም።