አማቴ የኳስ ደጋፊ የሆኑበት ዓመት

የሆሳዕናው ቡድናችን ከመሪዎቹ ተርታ የከረመበትን ያን ዓመት ሰው ሁሉ በየራሱ ነገር ያስታውሰዋል። እኔ የማስታውሰው በአማቴ ነው።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ሺንሺቾ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። የእሳቸው አፍ መፍቻ ከምባትኛ፣ የእኔ ሀዲይኛ ስለሆነ የምናወራው በአማርኛ ነው፤ እሱም ከሰላምታ ብዙ አያልፍም ነበር። እኔ ስለ አዝመራው፣ እሳቸው ስለ ሥራዬ እንጠያየቅና ሁለታችንም ወደ ባለቤታቸው ዞር እንላለን። ወሬውን ይዘው የሚዘልቁት ባለቤታቸው ነበሩ።

መስከረም ላይ ባለቤታቸው አረፉ። ከሐዘኑ በኋላ ሚስቴ አባቷን ሆሳዕና እኛ ቤት አመጣቻቸው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ምግብ ሲቀርብላቸው ትንሽ ቀምሰው ይመርቁና ሳህኑን ይመልሳሉ። ሚስቴ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

የሊጉ ጨዋታ የሚካሄደው ሌሎች ከተሞች ስለሆነ የራሳችንን ቡድን የምናየው ገበያው አጠገብ ኳስ የሚያሳይ አንድ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ወደዚያ ልሄድ ስወጣ አማቴን እንዲሁ በረንዳ ላይ ትቻቸው ማለፍ ከበደኝ።

«አባባ፣ ኳስ ቢያዩስ?» አልኳቸው።

እምቢ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ባርኔጣቸውን አንስተው ተነሡ።

ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንድ ሰው ወንበር ለቀቀላቸው። ብዙ ቆይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «የእኛዎቹ» ማለታቸው ገረመኝ። ያን ቀን ከኋላ ተነሥተን አሸነፍን። የማሸነፊያዋ ጎል ስትገባ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ፤ አማቴም ክንዴን ጨምድደው ይዘው አልለቅ አሉ።

ቡድኑም ማሸነፉን ቀጠለ። እኛ ያገኘነውን ነጥብ በመጨረሻው ደቂቃ መነጠቅ የለመድን ሰዎች ነን። «ዘንድሮ ምን ነካቸው?» እንባባላለን። ጮክ ብለን መደሰት እንኳ ያስፈራን ነበር።

አንድ ቀን ከድል ስንመለስ አማቴ መንገድ ላይ ሳቅ አሉ።

«እሷ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር» አሉ። «በስተርጅና ኳስ! ግን አብራኝ ትመጣ ነበር። ለበረኛው ታዝንለት ነበር፣ ብቻውን ነው የሚቆመው ብላ።»

ስለ ሚስታቸው ሲያነሡ ያኔ የመጀመሪያቸው ነው። ወሬው እንዳይቋረጥ በረጅሙ መንገድ ዞርን፤ እንዴት እንደተዋወቁም ነገሩኝ።

የመጨረሻው ጨዋታ ሐዋሳ ነበር። ካሸነፍን ዋንጫው የእኛ ሊሆን ይችላል ተብሎ በሚኒባስ ተሳፍረን አብረን ሄድን። አቻ ወጣን። ተጫዋቾቹ ወደ እኛ መጥተው እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ሲያጨበጭቡልን ብዙ ሰው አለቀሰ። አማቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያጨበጭባሉ።

ከጎናችን የቆመ ጎልማሳ፣ «ዋንጫው እኮ አመለጠን፣ አባባ» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉት፣ «ቢሆንም ጥሩ ዓመት አሳይተውናል።» ጭብጨባቸውን አላቋረጡም።

በማግስቱ ስንመለስ ሀላባ ላይ ምሳ በላን። ሳህኑ ሲነሣ፣ «እኔ ከዚህ ወደ ቤቴ ልሂድ» አሉ።

«ልጅዎ ምን ትለኛለች?»

«እኔ እደውልላታለሁ።»

ብቻቸውን አልለቀቅኳቸውም። ሺንሺቾ አብሬያቸው ደረስኩ። ተዘግቶ የከረመውን ቤት ከፍተው መስኮቶቹን በየተራ ገፉ። የሚስታቸውን ጋቢ ከአልጋው ራስጌ አንስተው አቧራውን አራገፉና ፀሐይ ላይ አሰጡት። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አማቴ ስለ ሐዋሳው ጨዋታ በከምባትኛ ሲያወሩላቸው የተጫዋቾቹን ስም ብቻ እየለየሁ አዳመጥኳቸው።

በቀጣዩ ዓመት ጥሩ ጥሩዎቹን ተጫዋቾች ሌሎች ክለቦች ወሰዷቸው፤ ቡድናችንም ወደ ቀድሞ ቦታው ወረደ። ያ ዓመት እንዲሁ ዕድል ነበር የሚሉ አሉ። አልከራከራቸውም። አማቴ ስንሸነፍም ይደውሉልኛል፤ የኳሱን ቶሎ እንጨርስና ሌላ ሌላውን እናወራለን።