በቆሎው ከገባ በኋላ

ልጅ ሳለሁ ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ባየሁ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። ሁምቦ የነበረውን ቤታችንን ጎርፍ ወስዶት ሶዶ ከገባን ገና መንፈቅ አልሞላንም ነበር። ልቤ ይደልቃል፣ መዳፌን ያልበኛል፣ ደብተሬን እንደያዝኩ በር ላይ እቀራለሁ። እናቴ «ወስፋት ነው» ብላ ሦስት ጊዜ መድኃኒት አጠጣችኝ። ወስፋት ቢኖርብኝ እንኳ ከዚያ በኋላ የሚተርፍ አይመስለኝም። ጎረቤታችን ደግሞ «ትምህርት ጠልታ ነው» አለች፤ ይህኛው ከመድኃኒቱ ይበልጥ መረረኝ። እያደር መጫወቱንም መብላቱንም ተውኩት።

ያኔ ነው አያቴ እሸት በቆሎ በጆንያ ይዘው ከሁምቦ የመጡት። ሲመሽ በቆሎውን ፍሙ ላይ እያገላበጡ፣ ጭሱ ዓይናቸውን እያስለቀሰ፣ ማሳ ከጦጣ ስለሚጠብቅ ሰው አወሩልኝ። ሰውየው ማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍ ጦጣ ሲያባርር ከረመ። ዓይኑን ከጫካው ስለማይነቅል በቆሎው ተሰብስቦ ጎተራ መግባቱን አላየም፤ የነገረውም የለም። ባዶ ማሳ ላይ እየጮኸ፣ እንቅልፍ አጥቶ ከሳ። ሰዉ ሳቀበት፣ ተቆጣው፤ እሱ ግን ባሰበት። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ትኩስ ጥብስ በቆሎ ይዛ መሰላሉን ወጣች፤ አጠገቡም ተቀምጣ «በቆሎው እኮ ገብቷል» አለችው።

«ወዲያው ወረደ?» አልኳቸው።

«ኧረ የት! ስንት ቀን የወጣች ይመስልሻል?» አሉና ወደ ጎናቸው ሳብ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ሆድሽ ጥፋት የለበትም። ጠባቂ ነው። ጎርፉ ማለፉን የነገረው የለም።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በማግስቱ ደመናው እንዳጠላ ጥብስ በቆሎ አስይዛኝ እስከ ትምህርት ቤት አብራኝ ሄደች፤ ክፍል እስክገባም አጥሩ ሥር ቆመች። እንዲህ ወሩን ሙሉ።

ዛሬ ቦዲቲ ውስጥ ነርስ ነኝ። ሰውነት አደጋ ሲያይ ልብን የሚያስሮጥ፣ አንጀትን የሚያኮማትር ሆርሞን እንደሚረጭ፣ አደጋው ካለፈም በኋላ አልቆም ካለ ልጅን በፍርሃትና በድብርት እንደሚያደክም ስንማር፣ ግማሹን አያቴ ቀድመው ነግረውኝ ነበር። «ወስፋት ነው» ተብሎ ልጅ ሲመጣልኝ ወስፋቱን አስመረምራለሁ፤ ከዚያ እናቲቱን ቁጭ አድርጌ ልጁ ምን እንደደረሰበት እጠይቃለሁ።

የኔው ጠባቂ ጨርሶ ማማውን አልለቀቀም። ዳሞታ ሲጠቁር ዛሬም ይጮኻል። አልቆጣውም። እናቴ ያን ወር ሙሉ አጥሩ ሥር እንዴት እንደቆመች እነግረዋለሁ፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል።