በሳሙና ካርቶን ላይ የተለመደ ኪቦርድ

ወርቅቱ ኮምፒውተር የተማረችው በሳሙና ካርቶን ላይ ነው። ሰበታ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ባለው የደገፋ ማሠልጠኛ ለሠላሳ ተማሪ ሁለት ኮምፒውተር ነበረን፤ አንደኛው አይሠራም። በሳምንት አሥር ደቂቃ ተራ ሲደርሰን እንኳ ደገፋ እንዳናበላሽበት ማውሱን አያስነካንም። ገጹን ራሱ ከፍቶ፣ ጠቋሚውን ቦታው አስቀምጦ፣ በሉ ጻፉ ይለናል። መምህር ተብዬ!

ወርቅቱ ግን የኪቦርዱን ፊደላት አንድ በአንድ ካርቶን ላይ ሥላ ቤቷ ትለማመድ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ዘጠኙን ዓመት ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ስታሽግ ኖራ፣ ለሳሙናው የሚገባው የሚያቃጥል ሶዳ የጣቶቿን ቆዳ ልጦታል። ከሳሙናው ካልራቀች ቁስሉ እንደማይድን ሐኪሙ ነግሯታል። መውጫዋ ፋብሪካው ያወጣው የመጋዘን መዝጋቢነት ቦታ ብቻ ነበር።

ለዚያ ቦታ እኔም ተመዘገብኩ። እኔ ሉብና የቡራዩ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሱቅ ኮምፒውተር አለ፤ ማሠልጠኛ የገባሁት ለምስክር ወረቀቱ ነው። ሥራውን ያን ያህል አልፈልገውም ነበር። መብራት ሲጠፋ የትኛው የኮምፒውተሩ ሜሞሪ እንደሚጠፋ፣ የትኛው እንደሚቀር ደገፋ ጠይቆኝ አፌ ሲተሳሰር፣ ራም ይጠፋል፣ ሃርድ ዲስክ ይቀራል ብላ በሹክሹክታ ያዳነችኝ ወርቅቱ ናት። ከእኔ መብለጧ ግን ያንገበግበኝ ነበር።

የፈተናው ቀን የመጋዘኑ ኃላፊ ፈሀድ ጎን ለጎን አስቀመጠን። የተሰጠንን ደብዳቤ በአሥር ደቂቃ መገልበጥ ነበረብን። ወርቅቱ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል ጣቶቿን ለቀቀቻቸው። ካርቶን ስክሪን የለውም፤ ቀና ብሎ ማየትን ከየት ትልመደው?

ገጿ ተከፍቷል፤ ግን አንዴ በማውስ ካልተነካ የሚጻፈው አይገባበትም። እንዳልነካችው ገና በሁለተኛው ደቂቃ አየሁ። «ወርቄ፣ ገጹን ንኪው» ብል ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ። ፈሀድም አይቷል። ከኋላዋ ቆሞ የቢሮውን ሰዎች በዓይኑ ጠራቸው፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ።

ከሁላችንም ቀድማ ጨረስኩ አለች።

«እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልን» አላት ፈሀድ።

ቀና አለች። ገጹ ባዶ ነው። የተላጡ ጣቶቿን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ቦታው ለእኔ ሆነ። እሷ ወደ ሶዳው ተመለሰች። ባለፈው ሳምንት የመጋዘን ወረቀት ልታስፈርም መስኮቴ ጋ መጣች፤ ሁለት ጣቶቿ በጨርቅ ታስረዋል።

«ሉብና፣ ያን ቀን አጠገቤ ነበርሽ» አለችኝ። «አይተሽ ነበር?»

«አላየሁም» አልኳት።

«እኔም አይታ ነው ዝም ያለችሽ ላሉኝ ሰዎች እንደዚያ ነው ያልኳቸው» አለች፤ ወረቀቷን እየተቀበለች። «ብታዪ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር።»