ንብ የማትጠብቅ አበባ

አያቴ ኩታበር ባለው ማሳቸው ዳር የምትበቅለውን የዱር አበባ በየመስከረሙ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይለኩ ነበር።

«በልጅነቴ ከጥፍሬ ትሰፋ ነበር። ንብ ስታጣ ጊዜ አነሰች፤ አሁን በራሷ ብናኝ ብቻ ዘር ትይዛለች» አሉኝ አምና።

«ዘር ከሰጠች ምን ችግር አለው፣ አባባ?»

«ከራሷ ብቻ ስትራባ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ ያኔ አንድ በሽታ ይጨርሳቸዋል። እኔ እሱን ነው የምፈራው።»

እሳቸው ካረፉ በኋላ ዘንድሮ ብቻዬን ሄድኩ። አበባዋ ይበልጥ አንሳለች፤ የንብ ድምፅ የለም። ያልፈነዳ እምቡጥ ብከፍት ብናኙ እዚያው ውስጥ ተራግፎ አገኘሁት። ፍርሃታቸው ወደ እኔ ተላለፈ። ዝርያው እንዲለያይ ብዬ ከቦሩ ሜዳ የዚያችኑ አበባ ዘር አምጥቼ አጠገቧ ዘራሁ። ንብ ከሌለ ግን ማን ያገናኛቸዋል? ይህን የምጠይቃቸው እሳቸው የሉም።