የአባቴ ስንዝር

ይህ የሆነው አምና፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ሐረር ውስጥ ነው። ነገሩ የሽንት ቤት መቀመጫ ከመቀየር ያለፈ አልነበረም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሜትር ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አባቴ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ዕድሜውን ሁሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ግን አቦከር ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ይውል ነበር። የስፌት መኪናው በተከራየው ሱቅ ውስጥ እንደተሸፈነች ትጠብቀዋለች። ደንበኛ ሲደውልለት «ከገና በኋላ ና» ይላል። እኔ እንኳ የሚያገግመው በመድኃኒቱ ሳይሆን በዚህች ተስፋ ይመስለኝ ነበር።

የሽንት ቤታችን መቀመጫ አሮጌ ነው፤ ተሰንጥቆ ይወዛወዛል። በዚያ እግሩ እላዩ ላይ ሲቀመጥ እየፈራሁ ልቀይረው ወሰንኩ። የምሠራው ድሬዳዋ ስለሆነ የምመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሬድዋን የሚባል ቧንቧ ሠራተኛ ሰዎች ጠቁመውኝ ደወልኩለት። «ከግድግዳው እስከ መቀመጫው ብሎን ስንት ሴንቲ እንደሆነ ሳታውቂ እንዳትገዢ፤ ዕቃው በልክ ነው የሚመጣው» አለኝ።

ራሴ መጥቼ መለካት እችል ነበር። ግን አባዬ ሥራ ፈትቶ ከሚቆዝም፣ ደግሞም ልኬት የሱ ሙያ ነው ብዬ ለሱ ደወልኩ። በደንብ ለካው ስለው «ለቀባሪው አረዱት» ብሎ ሳቀብኝ። ሜትሩ ሱቅ ቀርቷል፤ እሱ እንደሆነ ስንዝሩ ሃያ ሁለት ሴንቲ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ለካና መልሶ ደወለ።

«አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ነው፤ ሃያ ሁለትና ስምንት። ሠላሳ ብለሽ ግዢ» አለኝ።

ቅዳሜ ከሸዋ በር ገበያ የሠላሳውን ገዝቼ በባጃጅ አመጣሁ። ሬድዋን አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ቱቦው ላይ ሊያሳርፍ ሲል፣ የኋላው የውኃ ማጠራቀሚያ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ቢሞክር ቢሞክር አልገባም። ሜትሩን አውጥቶ ለካ። ሃያ አምስት።

«ማነው የለካው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ አባዬ፣ በሩ ላይ ምርኩዙን ተደግፎ። «ስንዝሬ ከሜትር አትለይም።»

ሬድዋን የአባዬን እጅ አየ። ያኔ እኔም አየሁ። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። በየሳምንቱ እየመጣሁ ስስመው አላስተዋልኩም ነበር።

«ወላሂ አባባ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም» አለ ሬድዋን። «የድሮ ግድግዳ ነው፤ ታችና ላዩ እኩል አይደለም። እኔም ብሆን እሳሳት ነበር። አሁን በሃያ አምስቱ አስቀይሬው እመጣለሁ።» ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ።

ሜትሩን ረስቶት ነበር። እጄን ታጥቤ ስመለስ አባዬ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሜትሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶታል። ቀኝ እጁን አሳረፈበት። አውራ ጣቱ ዜሮ ላይ ሆኖ ትንሿ ጣቱ አሥራ ሰባት ላይ ቆመች። በግራ እጁ ይዞ ጎተታት፤ ሕመሙ ፊቱን አጨማደደው። ከአሥራ ሰባት አላለፈችም።

«ብርዱ ነው አባዬ፣ ሲሞቅ ይፍታታል» አልኩት።

ሜትሩን ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ለሰውየው መልሺለት» አለ። ቀጥሎ፣ እንደ ተራ ነገር፣ «ሰኞ ለአከራዩ ደውዪለትና ሱቁን ለሌላ ይስጠው። መኪናዋንም የሚፈልጋት ካለ ይውሰዳት» አለኝ። ልከራከረው ፈልጌ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ።

መቀመጫው በዚያው ቀን ተገጠመ። አባዬም ተመችቶኛል ብሎ መረቀኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ደንበኛ ሲደውል ስልኩን አያነሳም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ አረፈ።

ሬድዋን ባዕድ ሆኖ የአባቴን ክብር ሊያተርፍ ስለሞከረ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ራሴን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ሞቱስ የእግዜር ነው። ያን ቀን እኔው ሜትር ይዤ መጥቼ ብለካ ኖሮ ግን፣ አባቴ ልብስ ሰፊ እንደሆነ ይሞት ነበር።