አምስቱ መዝገቦችና ጸሐፊዋ

የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ መዝገቦቹን ሲሰጧት «ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ቢበዛ ሦስት» ነበር ያሏት። ጸሐፊዋም ያንን ቃል ይዛ አምስቱን ወፋፍራም መዝገቦች በሁለት ዘንቢል ከፋፈለቻቸው። ከላይ ሽንኩርትና ጎመን አለበሰችና በጠራራ ፀሐይ ከጸሎት ቤቱ እስከ ቤቷ በእግሯ ተሸክማ ገባች። መንገድ ላይ ያገኘቻት ጎረቤት «ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለቻት። «እንግዳ አይጠፋም» ብላ አለፈች።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሜኖናይት በተባሉ ክርስቲያን ምእመናን ጽሕፈት ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች። ደብዳቤ ትተይባለች፣ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፣ ዋናው ሥራዋ ግን መዝገብ መጻፍ ነበር። ማን ከማን ተወለደ፣ ማን ማንን አገባ፣ ማን ከየት መጣ፣ ማን መቼ አረፈ። እነዚህ ሰዎች ሕፃን አያጠምቁም፤ መሣሪያ አያነሡም፤ አይምሉም። ጥምቀት የሚመዘገበው ሰው አድጎ፣ ልብ ገዝቶ፣ በገዛ አፉ «አምኛለሁ» ካለ በኋላ ነው። ከስሙ ጎንም ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ። እንግዲህ በአምስቱ መዝገቦች ውስጥ የሦስት ትውልድ ቤተሰብ ከነአያት ከነቅድመ አያቱ ተሰድሮ ይገኛል ማለት ነው።

በደኅናው ጊዜ ይህ ሁሉ የዘር ሐረግ ነው። መንግሥት የጸሎት ቤቶችን በር ባሸገ ሰሞን ግን ያው መዝገብ የሚታሰሩ ሰዎች ስም ዝርዝር ሆነ።

ሽማግሌው አናጢ ነበሩ። የጸሐፊዋን ቁም ሣጥን ለሠርጓ የሠሩላት እሳቸው ናቸው። መዝገቦቹ ቤቷ በገቡ ማግስት በሩን ለመጠገን የመጡ መስለው መሣሪያቸውን ይዘው ገቡና ከቁም ሣጥኑ ወለል በላይ ሌላ ወለል ሠሩለት። መዝገቦቹ በሁለቱ መካከል ገቡ። ሥራቸውን ሲጨርሱ መዶሻውን እንደያዙ ቁጭ አሉ።

«ማቃጠል ነበረብን» አሏት። «እጄ እምቢ አለኝ እንጂ። እነዚህ ከነደዱ ከየት እንደመጣን የሚያውቅ አይኖርም። አላስምልሽም፤ መሐላ የለንም። ብቻ ለማንም አትንገሪ። ለባልሽም ቢሆን። የማያውቅ ሰው ቢጠየቅ አይዋሽም። እኔው ራሴ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።»

«እሺ፣ አባባ» አለች። በእነሱ ዘንድ እሺ ከተባለ እሺ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሽማግሌው ታሰሩ። በዓመቱም እስር ቤት ውስጥ ታመው አረፉ። ሬሳቸው ሲቀበር ጸሐፊዋ ከሁሉ በላይ አለቀሰች። ሰው ለእሳቸው ያለቀሰች መሰለው። ለእሳቸውም ነበር። ግን «መጥቼ እወስዳቸዋለሁ» ያሉት ሰው አፈር ገቡ፤ ከቃሏ የሚፈታት ሌላ ሰው ደግሞ በምድር ላይ የለም።

ከዚያ በኋላ ቤቷ ጠበባት። ሁለት ክፍል ናት፤ ጣሪያዋ ያፈሳል፣ ግድግዳዋ በዝናብ ወራት ያልባል። መዝገብ ደግሞ እርጥበት አይወድም። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ባሏ ሥራ ሲሄዱ በሩን ትቀረቅራለች፤ መጋረጃውን ትጋርዳለች፤ ሳንቃውን አንሥታ መዝገቦቹን አልጋው ላይ ትዘረጋለች። ሻጋታውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጋ፣ ቅጠል በቅጠል ገልጣ ታናፍሳቸዋለች። በር የተንኳኳ እንደሆነ ነፍሷ ከሥጋዋ ትለያለች። አንድ ጊዜ ፈታሾች መጡ። አንደኛው ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ልብሱን ሁሉ አወረደ፤ ጎንበስ ብሎም ወለሉን በእጁ ዳሰሰ። እሷ ውሃ አቀረበችለት። ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። ከሄደ በኋላ ልብሱን አንድ በአንድ አጥፋ መለሰችው።

ዘመድ መጥቶ ልደር ሲል ሰበብ ትፈልጋለች። እናቷ ስትታመም እንኳ ሁለት ቀን አድራ ተመለሰች። እህቷ «ቤትሽ ውስጥ ወርቅ ቀብረሻል እንዴ?» አለቻት። በቀልድ ነው፤ ጸሐፊዋ ግን አልሳቀችም።

ባሏ የውሃ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሌላ ከተማ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

«ቤት ከነግቢው ይሰጡኛል» አላት። «ልጆቹ የሚሮጡበት ሜዳ አለው። ጸሎት ቤቱ እንደሆን ታሽጓል፤ ሥራ የለሽም። እዚህ ምን ቀረሽ?»

«አልሄድም።»

«ምክንያቱን ንገሪኛ።»

«ቤቴን እወደዋለሁ።»

ዙሪያውን ተመለከተ። «ይሄንን?» አለ። «እኔ ስንት ቤት ገብቼ ቧንቧ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። እንደዚህ የሚያለቅስ ግድግዳ አይቼ አላውቅም።»

ምን ትበለው? ቤት መቀየር ማለት ቁም ሣጥን ፈታትቶ በመኪና መጫን ነው። በየኬላው ደግሞ ዕቃ ይበረበራል። መዝገቦቹን ጥላ ብትሄድ ቤቱን የሚረከበው ሰው ያገኛቸዋል። ብታቃጥላቸው የሙት አደራ በላች ማለት ነው። ከየትኛውም ወገን መውጫ የለም። ባሏ ሁለት ወር ለመናት፤ በሦስተኛው ልብሱን በሻንጣ ሸክፎ ብቻውን ሄደ። በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣ ልጆቹን ያያል። ለእሷ «እንደምን ሰነበትሽ» ይላታል፤ እንደ እንግዳ።

ሰፈሩም ሥራ አልፈታም። «ባሏ ጠርቷት የማትሄድ ሴት፣ ሌላ የሚያስቀራት አላት» ተባለ። እውነትም ነበራት፤ እነሱ የገመቱት ዓይነት አይደለም እንጂ።

ይህን ሁሉ ቻለችው። ሆዷ ውስጥ የቀረው ግን የልብስ ሰፊዋ ነገር ነው።

ልብስ ሰፊዋ የዚያው የምእመናን ማኅበር ሰው ናት፤ ከጸሐፊዋም ጋር ከልጅነት ጀምሮ ይዋደዳሉ። በአራተኛው ዓመት ባሏ ድንገት ሞተባት። ሀዘኑ ሳይወጣ የባሏ ወንድሞች «አብራው ኖረች እንጂ ሚስቱ አይደለችም» ብለው ከቤቷ ሊያስወጧት ከሰሱ። የጋብቻ ወረቀቱን ባሏ ለአንድ ጉዳይ ቢሮ አስገብቶት በዚያው ጠፍቷል። ከሁለቱ ምስክሮች አንደኛው ሽማግሌው ነበሩ፤ ሌላኛው ተሰዷል። ፍርድ ቤቱ ማስረጃ አምጪ አላት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጸሐፊዋ መጣች።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው» አለቻት። «ትዝ ይልሻል? ቀለሙ ቀሚሴ ላይ እንዳይንጠባጠብ በእጅሽ ከልለሽልኝ ነው የፈረምኩት።»

«ትዝ ይለኛል።»

«መዝገቡ የት ገባ?»

ቁም ሣጥኑ ከጀርባዋ ነበር፤ ከመጋረጃው ወዲያ።

«ወሰዱት» አለች ጸሐፊዋ። «በሩን ሲያሽጉ ከጽሕፈት መኪናውና ከወንበሮቹ ጋር ወሰዱት።»

«በዐይንሽ አይተሻል?»

«አዎ።»

ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን ሰበሰበች። «አንቺ አዎ ካልሽ አዎ ነው» ብላ ተነሣች። እያመነቻት ወጣች፤ ያ ነው የባሰው።

በማግስቱ ጸሐፊዋ በሩን ቀርቅራ ሦስተኛውን፣ የጋብቻውን መዝገብ አወጣች። ቅጠሉን አገኘችው። ምላጭም ይዛለች። ግን በዚያ ቅጠል ፊትና ጀርባ አሥራ አንድ ጋብቻ ተጽፏል፤ ከነምስክሮቹ ከአርባ ሰው በላይ ነው። ዳኛው «ይህ ቅጠል ከምን ተቀደደ?» ማለቱ አይቀርም፤ ቅጠል ካለ መዝገብ አለ። ገልብጣ ብትጽፈው ደግሞ ማን ያምነዋል? ምላጩን መለሰች። «እንግዲያው ሄጄ በቃሌ ልመስክር» ብላ በቀጠሮው ቀን እስከ ፍርድ ቤቱ ደረሰች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብትል የሚከተለው ጥያቄ «መዝገቡስ?» ነው። ከመንገዱ ማዶ አንድ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ በሩን እያየች አረፈደች። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ስትወጣ ከፊቷ ፍርዱን አነበበችው። ተነሥታ በሌላ መንገድ ወደ ቤቷ ሄደች።

ልብስ ሰፊዋ ከወፍጮ ቤት ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየች። ጸሐፊዋ ደኅና ቀሚሷን በጓዳ እየተረተረች «ስፊልኝ» እያለች ትወስድላት ነበር። ሌላ ምን ታደርግ?

በዘጠነኛው ዓመት መንግሥት ተለወጠና ጸሎት ቤቶቹ ተመለሱ። ያን ቅዳሜ ባሏ መጥቶ ነበር። ጸሐፊዋ ልብሱን ሁሉ አውጥታ ሳንቃውን በመዶሻ ስትነቅል ደረሰባት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

መዝገቦቹን አንድ በአንድ አውጥታ አልጋው ላይ ደረደረቻቸው። እሱ አንዱን ገለጠ፤ የገዛ ጥምቀቱን አገኘ። የልጆቹን ልደት አገኘ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ብጠየቅ እናገራለሁ ብለሽ ነው?»

«እንዳትዋሽ ብዬ ነው። አደራም ነበረብኝ።»

መዝገቡን ከደነው። «እኔ እኮ ሌላ ሰው ያለሽ መስሎኝ ነበር» አለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየመንገዱ ያየሁትን ወንድ ሁሉ ይሄ ይሆን እያልኩ።» ከዚያ ተነሥቶ መዝገቦቹን በትከሻው ተሸክሞ እስከ ጸሎት ቤቱ አደረሰላት። በማግስቱ ወደ ሥራ ከተማው ተመለሰ። ነይ አላላትም፤ እሷም ልምጣ አላለችም።

ማኅበሩ አንድ ክፍል ለታሪክ ማስቀመጫ ለየ፤ የሰነድ ጥበቃ የተማረ ባለሙያም ቀጠረ። ባለሙያው የብረት መደርደሪያ አስገባ፤ እስክሪብቶ ይዞ መግባትን ከለከለ። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አነሣ፤ ቤተሰቦችንም እየጠራ የአያቶቻቸውን ፎቶና ደብዳቤ ሰበሰበ። ጸሐፊዋንም አስቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ድምፅዋን ቀዳ። ሁሉን ነገረችው፤ የልብስ ሰፊዋን ብቻ ዘለለች።

እሱም በምስጋናው እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ ታሪኳን ተረከ። ቁም ሣጥኑን፣ ሁለተኛውን ወለል፣ ዘጠኙን ዓመት። ሰው እያለቀሰ አጨበጨበ። እሷን ከፊት አቆሟት፤ ማምለጫ የላትም። ከአምስተኛው ረድፍ ልብስ ሰፊዋ ታያታለች። አታጨበጭብም። ጭብጨባው ሳያልቅ ልጆቿን ይዛ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች፤ ግቢ አላለቻትም።

«አራት እርምጃ» አለች። «ያን ቀን ከተቀመጥኩበት እስከ ቁም ሣጥንሽ አራት እርምጃ ነበር። ትናንት በሐሳቤ ለካሁት።»

«ብሰጥሽ ኖሮ እነዚያ ሁሉ ሰዎች…»

«ይታሰሩ ነበር። አውቃለሁ፤ ደደብ አይደለሁም። ከእነሱም አንዷ እኔ ነኝ። ብትነግሪኝ ግን ስጪኝ አልልሽም ነበር። ቤቴን ለቅቄ አፌን እዘጋ ነበር። እንዳንቺ የጠበቅኩት ነገር ይኖረኝ ነበር። አንቺ ብቻሽን ጠበቅሽው፤ እኔ እንዲሁ በሜዳ የተባረርኩ ሴት ሆኜ ቀረሁ።»

ጸሐፊዋ ይቅርታ ልትል መጥታ ነበር። ግን ሳትለው በሩ ላይ ቆማ ቆየችና ልብስ ሰፊዋ መስፋቷን ስትቀጥል ሄደች።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ባለሙያው ገባች።

«ያንን ድምፅ እንደገና ቅዳው» አለችው። «የጎደለ ነገር አለ።»

ነገረችው። እሱ እርሳሱን ጆሮው ላይ እየሰካና እየነቀለ አዳመጣት። «እትዬ፣ ይሄም ይግባ ይላሉ? ሰው በእርስዎ ታሪክ እየተጽናና ነው እኮ።»

«ታሪክ ነው የምትሰበስበው ወይስ ማጽናኛ?»

መቅጃውን ከፈተ። ቃሉ በጽሑፍ ተገልብጦ ከሦስተኛው መዝገብ ጋር በአንድ ሣጥን ገባ።

በክረምቱ ልብስ ሰፊዋ ከትልቋ ልጇ ጋር መጥታ የጋብቻዋን ግልባጭ ጠየቀች። ቤቷ ከተሸጠ ቆይቷል፤ ቦታው ላይ መጋዘን ቆሟል። ጸሐፊዋ በገዛ እጇ ገልብጣ፣ ማኅተም አስመትታ ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ለልጆቼ ነው» ብላ አጥፋ በቦርሳዋ ከተተችው።

ጸሐፊዋ እስካሁን በዚያ የታሪክ ማስቀመጫ ክፍል በሳምንት ሦስት ቀን ትሠራለች። ከእሷ በፊት መዝገቡን ይጽፉ የነበሩትን የሽማግሌውን አጻጻፍ የሚያነብ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልተገኘም። ልጆቿ «ይብቃሽ» ይሏታል። ባሏ ጡረታ ወጥቶ እዚያው ከተማ ቀርቷል፤ ባለፈው ሲደውል «የተከልኩት ብርቱካን አፍርቷል፤ መጥተሽ እይው» አላት። «ሦስተኛውን መዝገብ ገልብጬ ልጨርስና» አለችው። ምክንያት አልጠየቃትም።

ከልብስ ሰፊዋ ጋር እሑድ እሑድ ይገናኛሉ። እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ ስለ ልጆች ይጠያየቃሉ። ቤት ለቤት መሄድ ግን የለም።