ለጨው ምራቂ፣ አንድ ቅጭል

ባለቤቴን አዲስ አበባ የላክሁት ጨው፣ ሳሙና፣ ምላጭና የባትሪ ድንጋይ እንዲያመጣልኝ ነበር። ይዞ የመጣው ግን ብረት ነው።

ያኔ ጂንካ ላይ አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሀል ካለው ሜዳ ላይ ነው፤ ላሞቹ ተባረው እስኪያልቁ ሰማይ ላይ ይዞራል። ያን ቀንም ሁለት ጊዜ ዞሮ አረፈ። ባለቤቴ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር እንደ ጨቅላ አቅፎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ወረደ።

“ምንድነው እሱ?” አልኩት።

“ካሽ ሬጅስተር። የሸጥሽውን ሁሉ ይመዘግባል።”

“ይበላል?”

“አይበላም።”

“ጨዉስ የታለ?”

“ጨዉ በጭነት መኪና ይመጣል። ትንሽ ነው ግን።”

አቤት የዚያን ቀን ንዴቴ! ከሜዳው እስከ ቤታችን እኔ ስጮህ እሱ ሲያቅፍ ደረስን። መርካቶ አንድ ሱቁን የዘጋ ነጋዴ፣ “ይህቺን የያዘ ሱቅ አይወድቅም” ብሎ ሸጦለታል። አንተ ሞኝ፣ ሰውዬው ራሱ ሱቁን ለምን ዘጋ ብለህ አትጠይቅም? እሱ አልጠየቀም።

የተናደድኩት ያለ ነገር አይደለም። ሱቋ የእናቴ ነበረች። ዳዴ ያልኩት ባንኮኒው ስር ነው፤ ጥርስ ያወጣሁት የሳሙና ካርቶን እየነከስኩ ነው። እናቴ ስታርፍ ለእኔ ቀረች፣ በእኔ እጅ ግን በየወሩ መነመነች። ለባለቤቴ ደግሞ አርባ ምንጭ የግምጃ ቤት ሥራ ተገኝቶለት ነበር። ደብዳቤው ማኅተሙ እንደቀላ ኮቱ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። “እስከ ፋሲካ” ተባባልን። ሱቋ ራሷን ከቻለች እንቆያለን፣ ካልቻለች በሯን ዘግተን እንሄዳለን። እኔ? ከጂንካ? ሞቼ ነው ቆሜ!

ዕቃው የት እንደሚገባ ግን አይታወቅም። ጆንያው ያልቃል፣ መደርደሪያው ይራቆታል፣ አዲስ ጆንያ የሚገዛ ገንዘብ አይተርፍም። ባለቤቴ “እጅሽ ሰፊ ነው” ይላል፤ እኔ አኮርፋለሁ። ነገሩ ስለ ምራቂ ነው። አገራችን ላይ ገዢ ጣሳው ተሞልቶ ከተሰፈረለት በኋላ እጁን ዘርግቶ ይቆማል፤ በላዩ ላይ አንዲት ቁንጥር ካልተጣለለት አይሄድም። ምራቂ የማይሰጥ ባለሱቅ ቋጣሪ ተብሎ ስሙ እስከ ካኮ ገበያ ድረስ ይነሣል። የእኔ ቁንጥር ደግሞ እፍኝ ነበረች። ለሩቅ መንገደኛ ጨመር፣ ለነፍሰ ጡር ጨመር፣ ለሳቀልኝ ጨመር፣ ለተቆጣኝማ ሁለቴ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያ ደረሰ። ማሽኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥነው። ዋጋውን በቁልፎቹ ትጫኛለሽ፣ በጎኑ ያለውን እጀታ ትጎትቻለሽ፤ ያኔ ደወሉ ቅጭል! ይላል፣ ቁጥሩ በጥቅል ወረቀት ላይ ይታተማል፣ መሳቢያውም ዘሎ ይወጣል። ዘሎ እንደሚወጣ ማንም አልነገረኝም። ሆዴን ሲለኝ “እናቴን!” ብዬ ጮህኩ፤ በር ላይ ያለው ገበያተኛ በሳቅ ፈረሰ።

ከላይ ከአሪ ተራራ ኮረሪማ ይዘው የሚወርዱ አንዲት አሮጊት ደንበኛ ነበሩኝ፤ እማማ ነው የምላቸው። ሁለት ጣሳ ጨው ሰፈርኩላቸው፣ በደብተር ወረቀት ጠቀለልኩ፣ እጀታውን ጎተትኩ። ቅጭል! እማማ እጃቸውን ዘረጉ።

“ምራቂስ?”

እጄ ወደ ጨዉ ሄደ። ባለቤቴ ጥግ ላይ ቆሞ በዓይኑ ይበላኛል። እጄ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እማማ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ማሽኑን አዩ።

“ጨው ይቅር” አሉ። “እሱን እኔ ልጎትት።”

ጎተቱ። ቅጭል! አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ልጃገረድ ተንከተከቱ። ከዚያ ወጥተው፣ በአሪኛ እየተጣሩ፣ ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ ጎትተው ይዘው መጡ። ሁሉም ጨው ገዛ፤ ሁሉም ምራቂውን በደወል ወሰደ።

ማታ ባለቤቴ ጥቅሉን ወረቀት ከባንኮኒው እስከ በሩ ዘረጋና ፊቱ አመድ መሰለ። “ተበላሽቷል! ዜሮ ነው የሚያትመው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ…”

“አልተበላሸም” አልኩት። “ዋጋ ሳይጫኑ የጎተቱት ነው። ምራቂው ነው።”

ዜሮዎቹን በጣቱ ተከተላቸው። አንዷን ዜሮ በአንድ እፍኝ አስቦ፣ ጆንያውን አይቶ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። “አንቺ ሴት! ይሄ ሁሉ እኮ ድሮ ጨው ነበር!”

አፈርኩ። ከዚያ ሳቄ መጣ፣ አላቆምም አለኝ፣ እሱም ተያዘና እየተደጋገፍን ሳቅን። ለካ በገዛ እጄ ሱቄን በእፍኝ እየበተንኳት ኖሯል። ያቺ ወረቀት ሌላም ነገር ነገረችን፦ የየዕቃው ዋጋ ስለሚለያይ፣ የትኛው ቁጥር እንደሚደጋገም አይተን ምላጭ ከሳሙና ቀድሞ እንደሚያልቅ አወቅን። ሳሙና ቀንሰን ምላጭ ጨመርን።

ወሬው ሐመር አገር፣ ዲመካ ገበያ ደረሰ። ትንሿን በርጩማቸውን በእጃቸው ያንጠለጠሉ የሐመር ጎረምሶች መጡ። አንዱ አምስት ምላጭ ፈለገ፤ አንድ ምላጭ ይገዛል፣ ይጎትታል፣ ይወጣል፣ ከሰልፉ ኋላ ተሰልፎ ተመልሶ ይመጣል። አምስት ጊዜ! “አንተ፣ አንድ ላይ ግዛና አምስቴ ጎትት” ስለው “አይጣፍጥም” አለኝ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግን ተቆጥተው መጡ። ስብሰባ የሚጠራው የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ በብረት እየተመታ ነውና፣ ሰዉ የእኛን ደወል በሰማ ቁጥር ወደ አዳራሹ ይነጉዳል አሉ።

“ያለ ፈቃድ ስብሰባ እየጠራሽ ነው!”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ምራቂ ነው” አልኳቸው።

“የምን ምራቂ?”

“ክብሪት ይግዙና ያዩታል።”

ገዙ። ጎተቱ። ጢማቸውን ዳሰሱ። “ቀስ ብሎ ይጎተት” ብለው አዘው ወጡ፤ በማግስቱ ሌላ ክብሪት ሊገዙ መጡ።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ፣ የአርባ ምንጩ ደብዳቤ አሁንም ባለቤቴ ኪስ ውስጥ እንዳለ፣ ያለንን ሁሉ አውጥተን ጨው አስመጥተናል። ይህ ጨው በልኩ ካልተሸጠ አበቃ። ሰልፉ መንገዱን ዘግቷል። አምስተኛው ገዢ እጀታውን ሲጎትት ውስጡ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። መሳቢያው ወጣ፤ ድምፅ የለም። ደግሞ ጎተተ። ጭጭ።

ሰልፉ አጉረመረመ። “እሺ፣ ምራቂያችንስ?” የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ባለቤቴን አየሁት፤ እጁ ኮቱ ኪስ ላይ ነው። የእናቴ ባንኮኒ፣ የነከስኩት ካርቶን፣ ሁሉም በዓይኔ ዞረ። ምን ላድርግ? እጄን ወደ ጨዉ ሰደድኩ።

አንዲት ደረቅ እጅ አንጓዬን ያዘችኝ። እማማ ናቸው።

“ተይ” አሉ። እጀታውን ጎተቱና ድምፃቸውን ወደ ጣሪያው ለቀቁት፦ “ቅጭል!”

ሱቁ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ቀጣዩ “እኔ ከሷ በላይ እጮሃለሁ!” አለ። ጮኸ። የሚቀጥለው በቀጭን ድምፅ፣ የሚቀጥለው በወፍራም፣ አንዱ እንደ ዶሮ፣ አንዲት ሴት እልል ብላ። አምስት ጊዜ የሚሰለፈው የሐመር ጎረምሳ ስድስት ጊዜ ተሰለፈ። አንድም ሰው ጨው አልለመነኝም። እኔ እንባዬ በሳቅ እየወረደ እሰፍራለሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጆንያው ሊያልቅ ደርሷል። ሁለት ጆንያ የሚያስመጣ ገንዘብ መሳቢያው ውስጥ ሞልቷል። ጆንያው ጥግ አንዲት ጣሳ ጨው ብቻ ቀርታለች፤ እሷን ሊገዙ ሊቀመንበሩ መጡ። መጠቅለያ ወረቀት ግን አልቋል። ደብተሩም ጋዜጣውም አልቋል።

ባለቤቴ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ደብዳቤውን አወጣ፣ አላነበበውም፣ እንደ ቀንድ ጠቀለለውና ጨዉን ገለበጠበት።

“ይሄ እኮ ማኅተም አለው!” አሉ ሊቀመንበሩ ደንግጠው።

“ይኑረው” አለ። “ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ አያፈስም።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “በይ፣ ዛሬ የራስሽን ጎትቺ።”

ያን ሁሉ ጊዜ ለራሴ ምራቂ ብዬ አንድ ቀን ጎትቼ አላውቅም። እጀታውን ያዝኩ፣ ጎተትኩ፤ ድምፄ ግን እምቢ አለኝ። እሱ ነው የጮኸልኝ።